እሜቴ ተይዟል

ባዶ ወንበር የሚጠብቅ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት እስካሁን አልተከፈተም። ተከፍቶ ከሆነም ገና ወንበር አልገዛም። ዓይነቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በሐኪም ቤት ተራ መጠበቂያ ጃንጥላውን በጎኑ አጋድሞ «ሰው አለበት» የሚላችሁ እሱ ነው። በስብሰባ አዳራሽ በአንድ ሻርፕ፣ በአንድ የቁልፍ መያዣና በአንድ አሮጌ ጋዜጣ ሦስት መቀመጫ ይዛ ግራ ቀኙን የምትቃኘው እሷ ናት። ያ አለ የተባለው ሰው ሲመጣ ያየ ግን የለም። ስብሰባው ያልቃል፣ ሐኪሙ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ጃንጥላው እንደተጋደመ ነው።

የእነዚህ ሁሉ የበላይ፣ እኔ በምሠራበት የውሃ ቆጣሪ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍሉን የሚጠብቁት ክብርት እሜቴ ተይዟል ናቸው። ማዕረጉን የሰጧቸው ሹፌሮች ናቸው። ፊት ለፊት ግን ሹፌሮቹም ሳይቀሩ «እትዬ» ይሏቸዋል፤ ወንድነታቸው እስከዚያ ድረስ ነው።

እሜቴ ቁመታቸው አጭር፣ ንግግራቸው ከቁመታቸው ያጠረ ሴት ናቸው። ቢሯቸው ምድር ቤት ነው፤ ቆጣሪው፣ የቧንቧ መገጣጠሚያው፣ አምፖሉና መጥረጊያው ከወለል እስከ ጣሪያ ከተደረደረበት፣ ከሽቦ አጥር ጀርባ። ወደዚያ የሚወርድ ሰው ሁሉ ዕቃ ፈልጎ ነው። አጥሩ ላይ አንዲት ቀዳዳ አለች። እጅ ታስገባለች፣ ወሬ አታስገባም። «አምፖል» ትላላችሁ፤ አምፖል ይወጣል። «መጥረጊያ» ትላላችሁ፤ መጥረጊያው በእጀታው በኩል ይወጣል። «እንዴት አደሩ?» ካላችሁ ግን እሜቴ የጠፋ ዕቃ የሚፈልጉ ይመስል መደርደሪያውን ቃኝተው «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ምን ልስጥህ?» ይላሉ።

ምሳ ሰዓት ላይ ከማንም ቀድመው ወደ ሠራተኞች ክበብ ይወጣሉ። ከምሰሶው አጠገብ ባለ ሁለት ወንበር ጠረጴዛ ነበረች። በአንዱ ወንበር ይቀመጣሉ፤ በሁለተኛው መደገፊያ ላይ ግራጫ ሹራባቸውን ያንጠለጥላሉ። ከዚያ በሁለት ብርጭቆ ውሃ ይቀዳሉ፤ አንዱን ለራሳቸው፣ አንዱን ለሹራቡ። ሰው ቀረብ ሲል ቀና ሳይሉ «ተይዟል» ይላሉ። ያቺን ቃል የሚሉበት ድምፅ የበር መቀርቀሪያ ሲወድቅ የሚሰማው ዓይነት ነው።

በክበቡ ውስጥ ስለዚያ ባዶ ወንበር ያልተባለ ነገር አልነበረም። ባላቸው ሞተው ነው ተባለ። የለም፣ ሳያገቧቸው ነው የሞቱት ተባለ። «የንብረት ክፍል ሰው ናቸው፤ ዕቃ ሳያስቀምጡ መዋል አይችሉም» ያሉም ነበሩ፤ ለእውነቱ የቀረበው ግምት ይህ ይመስለን ነበር።

አንድ ቀን ምክትል ሥራ አስኪያጁ ከሠራተኛው ጋር እንደማንኛውም ሰው ምሳ ለመብላት ወሰነና ሾርባውን ይዞ ገባ። እንደማንኛውም ሰው ቦታ አጣ። ወደ ምሰሶው ሲሄድ ማኘክ ያቆምነው ሁላችንም ነን።

«ይቻላል እትዬ?»

«ተይዟል፣ ጌታዬ።»

«ለማን?»

«ሲመጣ ያዩታል።»

ምክትል ሥራ አስኪያጁ ሾርባውን በመስኮቱ ደፍ ላይ አስደግፎ ቆሞ በላ። ክበቡ ሲበተን ወንበሩ ላይ የነበረው ሹራቡ ብቻ ነበር።

ፍሬን የለሽ የምንለው ሹፌር ደግሞ፣ በእልክም በውርርድም፣ እሜቴ ጨው ሊያቀብሉ ዞር ሲሉ ወንበሩን ከነሹራቡ አንሥቶ ወደ ሹፌሮች ጠረጴዛ ወሰደው። እሜቴ አልጮኹም። ሾርባቸውን ያዙ፣ የራሳቸውን ወንበር በአንድ እጃቸው እየጎተቱ አዳራሹን አቋረጡ፣ ከተወሰደው ወንበር ጎን ተቀመጡ። ከዚያ ተመልሰው ሁለተኛውን ብርጭቆ አመጡ። ሹፌሮቹ ያንን ምሳ እንደ ለቅሶ ቤት በዝምታ በሉ። በማግሥቱ ወንበሩን ፍሬን የለሽ ራሱ ተሸክሞ መለሰው።

እኔ ወደዚህ መሥሪያ ቤት ከሌላ ከተማ ተዛውሬ ስመጣ የቅሬታ መስኮት ላይ ተመደብኩ። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያናግረኝ ይውላል፤ የሚያናግረኝ ግን ውሃ ስለተቋረጠበት ነው። የሥራ ቦታ ብቸኝነት በሥራ ሰዓት አይታወቅም፤ ሥራው ይሸፍነዋል። የሚጋለጠው ትሪ ይዘው ሲቆሙ ነው። ትሪ ሁለቱንም እጅ ስለሚይዝ ስልክ የሚያዩ መምሰል አይቻልም። ሾርባው ስለሚፈስ ዞር ብሎ ቶሎ መውጣትም አይቻልም። እያንዳንዱ ጠረጴዛ የራሱ ሳቅ አለው፤ የተሳቀበትን ነገር ግን የሚያውቁት የተቀመጡት ብቻ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ጨው የምፈልግ መሰልኩ። ጨው ትሪዬ ላይ ነበር። ወደ ምሰሶው ጥግ የሄድኩት ግድግዳ ስለነበረ ነው፤ ግድግዳ ተይዟል አይልም።

እሜቴ ቀና አላሉም። እጃቸውን ዘርግተው ሹራቡን ከወንበሩ አነሡና ጭናቸው ላይ አደረጉት።

«ሾርባው ይቀዘቅዛል» አሉ።

«ይቅርታ፣ ተይዟል ሲሉ ሰምቼ ነበር።»

«አዎ። ዘገየህ።»

ተቀመጥኩ። ውሃው ተቀድቶ ይጠብቀኝ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ እዚያ ነበር የምበላው። እሜቴ ጥሩ ወሬኛ ነበሩ ብል እዋሻለሁ። አበላሌን ተቹ፣ የሸሚዜን ቁልፍ ተቹ፣ የመጣሁበትን ከተማ ሳያዩት ተቹ። ነገር ግን በየቀኑ አንድ ጥያቄ ነበራቸው።

«ዛሬ ማን ጮኸብህ?»

«አንዲት እናት። ቆጣሪያቸው ማንም ቤት ሳይኖር ይዞራል አሉኝ።»

«ምን አልካቸው?»

«ይጣራል አልኩ።»

«አይጣራም። ቢሆንም እንዲያ ማለት ደግ ነው። ብላ።»

ይኸው ነው። ግን ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሲጮህብኝ፣ ምሳ ላይ የምነግረው ነገር እየተጠራቀመልኝ ነው ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። ስድቡ እንኳ ስንቅ ሆነ።

አንድ ቀን የማተሚያ ክፍሉ ማሽን ወረቀት ጎረሰና ለእርዳታ ተጠራሁ። የማተሚያ ክፍል ሰዎች የውሃ ክፍያ ደረሰኝ ሲያትሙ የሚውሉ፣ ሳቃቸው ከማሽኑ የሚበልጥ ሰዎች ናቸው። ጣቶቹ ከቀለም ጠርተው ስለማያውቁ ጥቁር ጣት የምንለው ሰውዬ ወረቀቱን ሲጎትት አብሬ ጎተትኩ፤ ሁለታችንም በጀርባችን ወደቅን፤ ሁላችንም ሳቅን። በማግሥቱ ምሳዬን ይዤ ወደ ምሰሶው ስሄድ ሹራቡ ወንበሩ ላይ ነው።

«ተይዟል።»

«እኔ ነኝ እኮ፣ እትዬ።»

«ዓይኔ አልጠፋም። ተይዟል።» በማንኪያቸው ወደ ማተሚያ ክፍል ሰዎች ጠረጴዛ አመለከቱ። «እነዚያ ይጠሩሃል፤ አትሰማም?»

ማንም አልጠራኝም ነበር። ሆድ ባሰኝ። ፊቴ እየጋለ ሄድኩ። ስደርስ ጥቁር ጣት እየሳቀ ቦታ ለቀቀልኝ።

«አንተንም አባረሩህ?»

«አንተንም ማለት?»

«እኔን አፌን ሞልቼ ስለማወራ ነው ያባረሩኝ» አለ።

«እኔን ደግሞ ሾርባ ስስብ ድምፅ ስለማሰማ ነው» አለ ሌላው።

ከጎናችን ካለው ጠረጴዛ ፍሬን የለሽ አንገቱን አወጣ። «እኔን ስለ ኳስ ሳወራባቸው ነው። እሳቸው ኳስ ጠል ናቸው።»

ያን ያህል ሰው እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ሁሉም የተባረረበትን ጥፋት ለየራሱ ፈልጎ፣ አግኝቶ፣ አፍሮበት፣ ሆዱ ውስጥ አስቀምጦት ነበር። ወንበሩን ሊሰርቅ የተወራረደው ፍሬን የለሽም ቂሙ ይኸው ነበር። ምክንያቱ ሌላ እንደሆነ የገባኝ ከሳምንታት በኋላ፣ አዲስ የመጣች የላቦራቶሪ ሠራተኛ ሾርባዋን ይዛ ግድግዳውን ስታነብ ሳያት ነው። ሹራቡ ተነሣ። ድምፁ አልተሰማኝም፤ የከንፈራቸውን እንቅስቃሴ ግን አውቀዋለሁ። ዘገየሽ።

በእኔና በእሷ መካከል ያሉትን ሳምንታት ያሰብኳቸውም ያን ጊዜ ነው። አንዱ ተባርሮ ሌላው እስኪመጣ ድረስ እሜቴ የሚበሉት ከአንድ ያልተነካ ብርጭቆ ውሃ ጋር ብቻ ነበር። የተባረረ ሰው ደግሞ ተመልሶ አይሄድም።

ነገሩ በዚህ ቢቀጥል ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። ዳሩ ግን የበላዮቻችን ሠራተኛው ብቸኝነት እንደሚሰማው ደረሱበት። የሰው ኃይል ኃላፊው መጠይቅ በተነ፤ «በሥራ ቦታዎ ብቸኝነት ይሰማዎታል?» የሚል። መልሱን እንደ ፈተና በክንዳችን ከጎናችን ሰው ሸፍነን ሞላን። ውጤቱ ሲወጣ ሁላችንም ብቸኞች ነን ተባለ፤ ሁላችንም እርስ በርሳችን ተያይተን ማን እንደሆነ ጠረጠርን።

የመቀራረብ ኮሚቴ ተቋቋመ። ባለሙያ መጣ። ባለሙያው ክብ ሠርተን እንድንቆም አደረገና አንድ የክር ድውር ሰጠን፤ ክሩን ይዘን ድውሩን ለአንድ ሰው እየወረወርን ስለዚያ ሰው መልካም ነገር እንድንናገር። ፍሬን የለሽ ለሒሳብ ሹሟ ወረወረና «መልካም ነገር» አለ፤ ሌላ አልመጣለትም። ድውሩ ለእሜቴ ሳይደርሳቸው አለቀ። ባለሙያው በፎቶው ተደስቶ ሲሄድ ክሩ እንደ ሸረሪት ድር አዳራሹ መካከል ቀረ። የንብረት ክፍል ንብረት ነበርና እሜቴ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ብቻቸውን ተቀምጠው ፈቱት፣ መልሰው አጠነጠኑት።

መፍትሔው በመጨረሻ ተገኘ፤ አግዳሚ ወንበር። ትንንሾቹ ጠረጴዛዎችና ወንበሮቹ ሁሉ ከክበቡ ወጡ። በቦታቸው ረጃጅም ጠረጴዛና ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰረ አግዳሚ ገባ። የሰው ኃይል ኃላፊው ንግግር አደረገ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አለ። ሎሚው ከእኛ ጋር ያለው ዝምድና ግልጽ ባይሆንም አጨበጨብን። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ክበብ የተያዘ ወንበር የለም!» አለ። ሳቁ ሲፈነዳ የሁላችንም ፊት ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረ። እሜቴ ዳቦ እየቆረሱ ነበር። ቆርሰው ጨረሱ።

በማግሥቱ ሹራባቸውን አጣጥፈው ከጎናቸው አግዳሚው ላይ አኖሩ። ሁለት ብርጭቆም ቀዱ። ግን አግዳሚ ወንበር እንደ ወንበር አይደለም፤ ድንበር የለውም። «ጠጋ ይበሉ እትዬ» አለ አንዱ። «ተይዟል» አሉ። «እሺ፣ ትንሽ ብቻ» አለ። ሌላው ከወዲያ ገፋ። ምሳው ሲያልቅ ሹራቡ ፍሬን የለሽ ሥር ተገኘ። ለሁለተኛው ቀን እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ሹራቡን ለብሰውት መጡ።

ኮሚቴው ያላየው አንድ ነገር ነበር። አግዳሚ ወንበር ጫፍ አለው። ሹፌሮች በጅምላ ይቀመጣሉ፤ ማተሚያ ክፍል በጅምላ ይቀመጣል፤ የተረፈው ሰው ጫፉ ላይ ግማሽ ገላውን አሳርፎ፣ በሌላው እግሩ ራሱን እየደገፈ ይበላል። በዚያ ሰሞን ጫፉ የደረሳቸው ከተዘጋ ቅርንጫፍ የተዛወሩ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሰውዬ ነበሩ። ስማቸውን የጠየቀ ስላልነበረ «ቅርንጫፉ» ይባሉ ነበር። ለጥቂት ቀናት ከጫፉ ላይ ሲወድቁ ሲነሡ ሰነበቱ። ከዚያ ቀሩ።

እሜቴም ቀሩ። ይህንንም ያወቅነው ቆይተን ነው፤ አግዳሚ ላይ የጎደለ ሰው አይታይም፣ ሰዉ ጠጋ ጠጋ ብሎ ይሞላዋል።

አምፖል ልጠይቅ ብዬ ምድር ቤት ወረድኩ። አምፖሌ ደህና ነበር። የሽቦው በር ገርበብ ብሏል። ከክበቡ የወጡት ወንበሮች ሁሉ እዚያ ናቸው፤ ተነባብረው ጣሪያ ደርሰዋል፤ እግሮቻቸው ወደ ላይ ተቀስረው ጫካ መስለዋል። በመደርደሪያዎቹ መካከል ያቺ የምሰሶው ጠረጴዛ ተዘርግታለች። እሜቴ በአንዱ ወንበር ተቀምጠዋል። በሁለተኛው ላይ ሹራቡ ተንጠልጥሏል። ሁለት ብርጭቆ ውሃ አለ።

ደስ አለኝ። ገባሁና እጄን ወደ ወንበሩ ሰደድኩ።

«ተይዟል» አሉ።

የመሥሪያ ቤቱ ወንበር ሁሉ በተከመረበት ክፍል ውስጥ! ሳቄ መጣ። ከክምሩ አንዱን ላወርድ ስል «እሱ ሊወገድ የተቆጠረ ንብረት ነው፤ አይነካም» አሉ። ከኋላዬ የእግር ኮቴ ተሰማ። ቅርንጫፉ በጨርቅ የተጠቀለለ ምሳቸውን ይዘው ደረጃውን ይወርዳሉ። እኔን ሲያዩ ለመመለስ አመነቱ። እሜቴ ሹራቡን አነሡ።

«ዘገዩ» አሏቸው።

እዚያ መሐል ቆሜ የምሠራው ነገር አልነበረኝም። «እትዬ፣ እንዲህ ምድር ቤት ከመብላት ወደ ላይ ቢመጡ አይሻልም?» አልኩ። «እኛ ጋ።»

«ቦታ ይዘህልኛል?»

በነቀፌታ አልነበረም የጠየቁኝ፤ አምፖል ቀርቷል ወይ እንደሚሉት ነው።

«እንግዲያው» አሉና ወደ ምሳቸው ዞሩ።

በማግሥቱ አግዳሚው ላይ ጃኬቴን በግራ ጎኔ አኖርኩ። ይህን ሥራ የሚያቃልል ሰው ሞክሮት አያውቅም። ከወዲህም ከወዲያም ይገፋል፤ በጭን ተደግፎ፣ በክርን ተከላክሎ፣ እየበሉ ነው የሚዋጉት። ፍሬን የለሽ ትሪውን ይዞ ከአናቴ ቆመ።

«ጠጋ በል እንጂ፣ ወንድሜ።»

«ተይዟል።»

ሳቁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ። «እሜቴ ተይዟል ወንድ ልጅ ወለዱ!» አለ ፍሬን የለሽ። ጥቁር ጣት ዓይኑን እየጠረገ «ለማን ነው ግን?» አለኝ።

«ለእትዬ።»

ሳቁ ቆመ። ጥቁር ጣት ትንሽ አሰበ። ከዚያ ትከሻውን ወደ ወዲያ አዞረና ጎረቤቱን ገፋ። «ትንሽ ቀረች» አልኩት፤ ደግሞ ገፋ፤ አንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ተከፈተ። ወርጄ በሽቦው ቀዳዳ ነገርኳቸው።

«ይዤልዎታለሁ።»

«ለስንት?»

«ለእርስዎ።»

እሜቴ ወደ ውስጥ ዞር ብለው ዐዩ። ቅርንጫፉ ዳቦ ቆርሰው ለሁለት እያካፈሉ ነበር። «እንግዲያው» አሉ እሜቴ፣ እንደገና።

ስለዚህ አሁን የምንይዘው ለሁለት ሰው ነው። ለሁለት ሰው በአግዳሚ ላይ ቦታ መያዝ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ጥቁር ጣት ወደ ወዲያ፣ እኔ ወደ ወዲህ እንገፋለን። ፍሬን የለሽ ጫፉ ላይ ግማሽ ገላውን አሳርፎ፣ አንድ እግሩን ተክሎ፣ ይሳደባል እንጂ አይንቀሳቀስም። የላቦራቶሪዋ ልጅ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ትቀዳለች። ትሪውን ይዞ የቆመ ሰው ሲመጣ አንድ ላይ «ተይዟል» እንልና፣ ደግሞ ፊቱን አይተን እንደገና እንገፋፋለን፤ እሱም ይቀመጣል፣ የእትዬና የቅርንጫፉም ቦታ ይተርፋል።

ዛሬም ወርጄ ነበር።

«ይዘናል፣ እትዬ። ለሁለት።»

ወደ መደርደሪያዎቹ ዞር አሉ። የጠፋ ዕቃ የሚፈልጉ ይመስል ነበር።

«ሾርባው የምንድን ነው?»

«የድንች።»

«ድንች አልወድም።»

ነገ የምስር ነው ብለውኛል ወጥ ቤቶቹ። ይህን ስጽፍ ከምሳ ተመልሼ መስኮቴ ላይ ነኝ፤ አንዲት ሴትዮ ይጮሁብኛል፤ የምነግረው ነገር እየተጠራቀመልኝ ነው። ከጎኔ የነበረው ቦታ ዛሬም ባዶውን ዋለ፤ ውሃው እንደተቀዳ ቀረ። አንድ የሌላ ክፍል ሰው ሲያልፍ «ለሙታን ነው እንዴ የያዛችሁት?» አለን።

ለሙታን አይደለም። ዘግይተው ነው።